አራት ጊዜ የተሳበው ገመድ

ይህን የምጽፈው አንድ ወረቀት ላይ አልፈርምም ስላልሁ ነው። ወረቀቱ «በሥልጠናው የመጨረሻ ቀን አንድ ገመድ ሐይቁ ውስጥ ከግንድ ጋር ተጠላልፎ ተቆርጧል» ይላል፣ ሦስት ሰዎች ፈርመውበታል፣ ከእኔ ስም ፊት ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው፣ ባዶ እንደሆነም ይኖራል። ዝም ብል ዝምታዬ እንደ ፊርማ ይቆጠርብኛል፤ ስለዚህ የሆነውን በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ፣ አንተም ወዳጄ አንብበህ የመሰለህን ፍረድ።

በቅድሚያ ማንነቴን እወቅ። እንጅባራ ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ፣ ሰው ስለ ውሃ መንፈስ ሲያወራ «ምንጭህ ምንድን ነው?» ብዬ የምጠይቅ፣ በዚህም ጠባዬ ብዙ ጨዋታ ያበላሸሁ ሰው ነኝ። አላምንም ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ አልልም። የማውቀውን ብቻ እናገራለሁ።

በአካባቢያችን ሰው ሐይቅ ውስጥ ሲሰጥም ጠላቂ ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ ዘመድ ዳር ቆሞ ነው የሚጠብቅ፣ ይህን ለማስቀረት ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት እኛን አራት ዋና የምንችል ሰዎች በዘንገና ሐይቅ የነፍስ አድን ጠለቃ ሊያሠለጥነን ተነሣ። አሠልጣኙ አቶ ፍሬው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አንደበቱ የለሰለሰ፣ ሲስቅ ሁሉን የሚያስቅ ሰው ነበር። አሥር ቀን የተባለው ሥልጠና አራት ቀን ሆነ። ይዞት የመጣውን ወፍራም መመሪያ ከእኔ በቀር የከፈተው አልነበረም፣ እኔ ግን፣ እመነኝ፣ ከዳር እስከ ዳር አነበብሁት።

መመሪያው ጠላቂው ከዳር ካለው ሰው ጋር በገመድ እንደሚነጋገር ይናገራል። አንድ ስበት «ደህና ነህ?» ነው፣ መልሱም አንድ ስበት ነው፤ ሁለት «ገመድ ጨምርልኝ»፣ ሦስት «እየወጣሁ ነው»፣ አራት ደግሞ «አውጡኝ» ማለት ነው። አቶ ፍሬው ሦስቱን ብቻ አስተማረን። በሚያመላልሰን ሚኒባስ ውስጥ ለብቻው አግኝቼ ስለ አራተኛው ብጠይቀው «እሱን ተወው፣ ሰው ያስፈራል» አለኝ። ስለዚህ አራተኛውን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን። ይህን ያዝልኝ።

ዳር ቆመው የጌትነትን ገመድ የሚይዙት አያ ፈንታ ነበሩ፣ ከአራታችን ሠልጣኞች ያልሆኑ፣ ከሐይቁ በላይ የሚያርሱ፣ በአዊ ፈረሰኞች መካከል ስማቸው የሚጠራ አዛውንት። ጌትነት ደግሞ ባጃጅ ነጂ ነው፣ ዋናው ግሩም፣ ጠለቃው ግን ለአንድ ጊዜ እንኳ ያልተፈተነ።

በአራተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ አቶ ፍሬው አራት ካርዶች እንደ ቁማርተኛ ዘርግቶ አሳየን፤ ፎቶግራፋችን አለበት፣ ማኅተም አለበት፣ «ብቁ የነፍስ አድን ጠላቂ» ይላል።

«ፈተናውስ?» አልሁት።

«አለፋችሁ እኮ! ቅጹን ሞልቼ ጨርሻለሁ።»

«ውሃ የሞላ ማስክ ማጽዳት፣ አየር መጋራት፣ ቀስ ብሎ መውጣት፤ ጌትነት አንዱንም ሲሠራ አላዩትም።»

«ኧረ አንተ ሊቁ፣ እኔን ምን አስገባኝ!» አለ ጌትነት። «ባጃጄ መስተዋት ላይ ልለጥፈው ነው፣ ትራፊክ ሲያስቆመኝ ነፍስ ላድን እየሄድሁ ነው እለዋለሁ።»

ሁሉም ሳቀ። «ነገ ሰው ሲሰጥም ይህን ካርድ አይተው አንተን ያስገባሉ፣ ያኔ የሚወጣው አስከሬን ሁለት ይሆናል» አልሁት። 

«ወንድሜ፣ መጽሐፍ ሌላ፣ ውሃ ሌላ» አለኝ አቶ ፍሬው። «ካልፈለግህ ካርድህን ተወው።»

«ትቼዋለሁ። ጌትነት ግን ሳይፈተን ካርድ ይዞ ከዚህ አይሄድም።»

ጌትነት ተነሥቶ ማስኩን አጠለቀ። «ና እንግባ! ኋላ ፈራ ብለህ እንጅባራን እንዳታዳርስ።»

ስምንት ሜትር ያህል ወረድን። ብርሃኑ አረንጓዴ ነበር፣ ቅዝቃዜው ጥርስ ውስጥ ይገባል፣ ከእግራችን በታች ጨለማ ብቻ ነው። ማስኩን እንዲያጸዳ ምልክት ሰጠሁት፣ ጠርዙን አነሣ፣ ውሃ ገባበት፣ ከዚያ በኋላ ጌትነት ጌትነት አልነበረም፤ ተንፈራገጠ፣ ገመዱ ቅልጥሙ ላይ ተጠመጠመ፣ እሱም በድንጋጤ ገመዱ የታሰረበትን መንጠቆ ከጠለቃ ሰደርያው ላይ ፈታው። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ወዳጄ፤ ባዶ የብረት መንጠቆ፣ ምንም ያልያዘ፣ በአጠገቤ አልፎ ወደ ጨለማው ወረደ። ትርፍ መተንፈሻዬን አጎረስሁት፣ የሰደርያውን ማሰሪያ ጨብጬ፣ እየቆጠርሁ፣ ቀስ ብዬ አወጣሁት።

ዳር ላይ ተቀምጦ ውሃ ከተፋ በኋላ «አላለፍሁም» አለ። በአራቱ ቀናት የሰማሁት የመጀመሪያው እውነተኛ ውጤት ይህ ነበር።

አያ ፈንታ ግን ፊታቸውን ወደ ውሃው እንዳዞሩ ነበሩ። ቀኝ መዳፋቸው ተልጦ ይደማል።

«ምን ነካዎት?» አልኋቸው።

«ሁለት ጊዜ ስቦ ገመድ ጨምርልኝ አለ፣ ጨመርሁለት፣ ፈጥኖ ሄደና ላጠኝ። አሁን ደህና ነህ ወይ ብዬ ሳብሁ፣ ደህና ነኝ አለኝ።»

«አያ፣ ጌትነት እኮ ይኸውና፣ ከኋላዎ ተቀምጧል።»

ዞረው አዩት። ከዚያ ገመዱን አዩ። «ታዲያ ይኼ ማነው?»

«ግንድ ይዞት ነው» አለ አቶ ፍሬው።

«ግንድ ይይዛል እንጂ መልስ አይሰጥም። አንት ልጅ፣ እኔ አርባ ዓመት ልጓም ይዣለሁ፤ ጫፉ ላይ ነፍስ ያለውንና የሌለውን እጄ ይለያል።»

አንድ ጊዜ ሳቡ። ገመዱ ላላ፣ ከዚያ ተወጠረ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በልክ። አቶ ፍሬው እየሳቀ ተቀበላቸውና ሳበ፤ አንድ ተመለሰለት። እኔም ያዝሁት። የዓሣ መወራጨት አልነበረም፣ የማዕበልም አልነበረም፣ ሐይቁ ላይ ነፋስ እንኳ አልነበረም፤ ጥያቄውን ሰምቶ፣ ጥቂት ቆይቶ፣ ጨዋ ሰው እንደሚመልሰው ያለ ነበር።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ገመዱ ተሳበ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ፋታ ሰጠ። እንደገና አራት።

«አራት ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ጌትነት።

አቶ ፍሬውን አየሁት፣ እሱም አየኝ። «ምንም አይደለም» አለ።

«አውጡኝ ማለት ነው» አልሁ።

አያ ፈንታ ሌላ አልጠየቁም፣ መሳብ ጀመሩ፣ እኔም ከኋላቸው ያዝሁ። ገመዱ ይከብዳል፣ ግን የሬሳ ክብደት አይደለም፣ ሲመሩት የሚከተል ፈረስ ዓይነት ክብደት ነው። ከላይ ታስሮ ሣር ይግጥ የነበረው የአያ ፈንታ ፈረስ ቀና አለ፣ ጆሮውን ወደ ውሃው አቀና፤ ሽማግሌው በአዊኛ ዝግ ብለው አረጋጉት። በገመዱ ላይ በየአምስት ሜትሩ የታሰሩት ቀይ ምልክቶች እየተከታተሉ ወጡ፣ አንድ ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ አረፋውን አየሁ፤ ከውሃው ሥር ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይወጣል፣ መመሪያው «የተረጋጋ ጠላቂ እንዲህ ይተነፍሳል» ብሎ እንደጻፈው።

አቶ ፍሬው ውሃው ውስጥ ዘሎ ገባና ቅልጥሙ ላይ ካሠረው ሰገባ ቢላዋ መዝዞ ገመዱን ቆረጠው።

«ለምን ቆረጡት?»

«ማንም አልነበረም!»

«ማንም ካልነበረ ለምን ቆረጡት?»

ቢላዋውን ሰገባው ውስጥ መልሶ ከውሃው ወጣ። አረፋው ግን ወዲያው አልጠፋም፣ ሳይቸኩል ወደ ሐይቁ መካከል ሄደ፣ እዚያም ለረጅም ጊዜ ቆየ።

ወረቀቱ ከድርጅቱ የመጣው በማግስቱ ነው። አቶ ፍሬውና ሁለቱ ሠልጣኞች ፈረሙ። ጌትነት ካርዱን መልሶ ሳይፈርም ሄደ። አያ ፈንታን በአውራ ጣት ይፈርሙ ቢሏቸው «ጣቴ ላይ ቆዳ የለም፣ በምን ልፈርም?» አሉ። እኔን ደግሞ «የድርጅቱን ስም ታጎድፋለህ፣ ሁለተኛ ለሥልጠና አትጠራም» አሉኝ። አልጠራ። መንፈስ ነበረ ብዬ አልፈርምም፣ ግንድ ነበረ ብዬም አልፈርምም። የምለው ይህን ነው፤ አራት ስበት መጣ፣ ከመካከላችንም አሠልጣኝ የሚል ካርድ የያዘው ሰው ቢላዋ መዘዘ። እኛ ያልተማርነውን ምልክት ያ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ተምሮታል። ማን አስተማረው? ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሳነብ አንዳንድ ጊዜ ቀኝ እጄ ተጨብጦ አገኘዋለሁ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው።

የጠፋው ይህ ነው። ገመድ፣ ሰባት ሜትር። መንጠቆ፣ አንድ። ካርድ፣ ሁለት። የአያ ፈንታ የቀኝ መዳፍ ቆዳ። ሰው፣ የጠለቅን ሁለት፣ የወጣን ሁለት።