በር ያለው ክፍል

«ለእናትሽ ፈገግ ትበል በያት» አለ አምላኩ።

«የራሱን ጥርስ ያሳይ በይው» አለች ትርንጎ።

ያኔት ደረጃው ላይ በሁለቱ መካከል ቆማ ነበር። ለማንም ምንም አላስተላለፈችም። አባቷና እናቷ የቆሙት በአንድ ክንድ ርቀት ስለሆነ መልእክቱ ደርሷል። ከእሁድ ጀምሮ የሚነጋገሩት እንዲህ ነው፤ እርስ በርስ ሳይተያዩ፣ በአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው በኩል።

ሰልፉ ከመንገድ ተነሥቶ ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል። ሽሊረን ውስጥ ኪራዩ የሚቻል ቤት ሲለቀቅ ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ዙሪክ ይመጣል። ከፊታቸው የቆሙት ወጣት ባልና ሚስት ማመልከቻቸውን በሚያምር ማቀፊያ ይዘዋል፤ ዞር ባሉ ቁጥር እነሱን ከእግር እስከ ራስ ያያሉ። ሚስትየው በዙሪክ ጀርመንኛ፣ ሕንፃውን እንዳልተሳሳቱ እርግጠኛ መሆናቸውን ጠየቀች። ያኔት ትምህርት ቤት በተማረችው የመጽሐፍ ጀርመንኛ አልተሳሳትንም አለቻት። ሴትየዋ ለባሏ ፈገግ አለችለት። ያንን ፈገግታ ያኔት አሳምራ ታውቀዋለች። ክፍል ውስጥ ለማንበብ በተነሣች ቁጥር ከኋላ ወንበር አንዱ አፍንጫውን ይዞ ፈረንሳይኛ እንደሚናገር ሰው ያላግጥባታል፤ የቀሩት ፈገግ የሚሉት እንደዚህ ነው።

ከጄኔቫ የመጡት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሊኞን በሚባለው ሰፈር፣ በዚያ ማለቂያ የሌለው በሚመስል ረጅም ሕንፃ ውስጥ፣ ያኔት በየደረጃው ጓደኛ ነበራት። አንድ ቀን እናቷ ዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለ ሆቴል ሥራ አገኘችና ዕቃ ተጫነ። አባቷ ደግሞ ሽሊረን መጋዘን ውስጥ ተቀጠረ። ሆቴሉ አጠገብ፣ ኦፕፊኮን፣ የተከራዩት ሕንፃ አሁን ሊፈርስ ስለሆነ ተከራይ ሁሉ ልቀቅ ተብሏል።

ያገኙት ሁለት ቤት ነው። አንደኛው እዚያው ኦፕፊኮን ነው፤ ከእናቷ ሆቴል በእግር የሚደረስ፣ ጠባብ። እዚያ ከገቡ ያኔት እንደ አሁኑ ሳሎን ትተኛለች። ሁለተኛው ይሄ ነው። ከአባቷ መጋዘን አጠገብ፣ ጉባኤያቸው ከሚሰበሰብበት አዳራሽ ሁለት የትራም ፌርማታ፣ ለያኔት የራሷ ክፍል ያለው። ችግሩ እናቷ የሆቴሉ ቁርስ ክፍል ኃላፊ መሆኗ ነው። እንግዶቹ ገና ሳይነጋ ስለሚበሩ ወጥ ቤቱ የሚከፈተው በጨለማ ነው። ከሽሊረን የሚነሣው የመጀመሪያ ባቡር ኦፕፊኮን ሲደርስ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች በልተው ሄደዋል። መኪና ደግሞ የላቸውም።

ይህን ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሊነጋገሩበት ይችሉ ነበር። አምላኩ ግን እሁድ በምስክርነት ሰዓት ተነሥቶ ማይክ ያዘና ጌታ በሽሊረን ቤት እንደከፈተላቸው ተናገረ። ቤቱን ገና አላዩትም፤ የነበራቸው የጉብኝት ቀጠሮ ብቻ ነው። ሰዉ እልል አለ፣ ፓስተሩ አቀፈው። ትርንጎ አዲሱ ቤቷ የትኛው እንደሆነ የሰማችው ያን ጊዜ ነው፣ እንደ ማንም ሰው ከወንበሯ ላይ። ከአምልኮው በኋላ ሴቶቹ ተሰልፈው እየሳሙ እንኳን ደስ ያለሽ አሏት። እሷም አሜን አለች። ከዚያ ወዲህ ለባሏ በቀጥታ ቃል አልወጣትም።

ሰልፉ ጥቂት ደረጃ ከፍ አለ።

«ከጄኔቫ የወጣነው ለማን ሥራ ብለን ነው በያት» አለ አምላኩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለት ዓመት በየቀኑ ዙሪክን አቋርጬ የተመላለስኩት እኔ ነኝ። አሁን ተራው የማን ነው?»

«ተራ ከሆነ ቤት ውስጥ ይነገራል፣ በማይክ አይነገርም በይው።»

«አቦ በቃችሁ» አለች ያኔት። «ሰው ሙድ እየያዘብን ነው።»

«ይያዝ» አለች እናቷ። «አማርኛ አይገባቸውም።»

ቤቱን የምታሳየው ፍራው ብሩነር የምትባል፣ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን ገቢ ትጨብጣለች፤ ጫማውን በደንብ ያልጠረገ ሰው ካለ ምንጣፉን በዓይኗ ታሳየዋለች። አምላኩ ሁለት ጊዜ ጠረገ። ትርንጎ ጭራሽ አልጠረገችም።

ያኔት ወላጆቿን ሳሎን ትታ ወደ ትንሿ ክፍል ሾልካ ገባች። የምታስጎመጅ ክፍል አይደለችም። መስኮቷ ሐዲድ ላይ ነው፣ ግድግዳው ላይ የቀድሞው ተከራይ የነቀለው መደርደሪያ ቀዳዳ ይታያል። በሩን ዘጋችው። የአባቷ ድምፅ ጠፋ። ከፈተችው፤ ድምፁ ተመለሰ። እንደገና ዘጋችው።

አሁን የምትተኛው ሶፋ ላይ ነው። እናቷ በጨለማ ስትነሣ እንዳትቀሰቅሳት ጫማዋን በእጇ ይዛ በአጠገቧ ታልፋለች። ያኔት ግን ሁልጊዜ ትነቃለች፤ ነቅታም የተኛች ትመስላለች። ማታ ደግሞ አባቷ ስብከት እያየ እዚያው ሶፋ ጫፍ ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። እዚህ በር አለ። በሩ ቁልፍ አለው።

ፍራው ብሩነር ወጥ ቤት ውስጥ ጠራቻቸው። ማመልከቻቸውን እያየች ለያኔት ሁሉም መልካም እንደሆነ ነገረቻት፤ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል። የቀድሞው ተከራይም የሚሠራው አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ጠዋት ጠዋት እየረፈደበት በዓመቱ ቤቱን ጥሎ ሄደ። እንደ እሱ የሚሄድ ሰው አልፈልግም አለች። እናትሽ እንዴት አድርጋ ነው ሥራዋ የምትደርሰው?

ያኔት ጥያቄውን ተረጎመች።

«መኪና ልንገዛ ነው በያት» አለ አባቷ።

«ክንፍ ልታበቅል ነው በያት» አለች እናቷ።

ፍራው ብሩነር ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። ወጣቶቹ ባልና ሚስት በሩ ጋ ቆመው ጆሯቸውን ጥለዋል። ያኔት ከሁለቱ የማንንም አልተረጎመችም። እናቴ ፈረቃዋን ወደ ረፋድ ቀይራለች፣ ሆቴሉም ተስማምቷል አለች። ጀርመንኛዋ እንዲህ ሳይደነቃቀፍ ወጥቶላት አያውቅም።

የሴትየዋ ፊት ፈታ አለ። ብዕሯን አስቀመጠችና ወደ ትርንጎ ዞራ በፈረንሳይኛ አነጋገረቻት። ዝግ ያለ፣ ግን ስህተት የሌለበት ፈረንሳይኛ ነው። በወጣትነቷ፣ የዚያን ጊዜ የዙሪክ ልጃገረዶች እንደሚያደርጉት፣ ጄኔቫ አንድ ቤተሰብ ዘንድ ሕፃን እየጠበቀች ቋንቋ ስትማር ዓመት ቆይታለች። ሆቴሉ ፈረቃዎን መቀየሩ ደስ ይላል አለቻት፤ እንደዚህ ዓይነት አሠሪ ዛሬ አይገኝም።

ያኔት ወደ ወላጆቿ ዞረች። እናቷም አባቷም ፈረንሳይኛ በደንብ ይሰማሉ።

አምላኩ ቀና አለ። «እውነት ቀየርሽ?» አላት ሚስቱን፣ በቀጥታ። ፊቱ ላይ የታየው ነገር ያኔትን ከውሸቱ በላይ አሳፈራት። ለእሱ ብላ ያደረገችው መስሎት ደስ ብሎታል።

ትርንጎ ወደ እሱ አልዞረችም። ልጇን አየቻት፤ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ለሴትየዋ በፈረንሳይኛ መለሰችላት።

«ልጄ እንዳለችው ነው።»

ፍራው ብሩነር ከማመልከቻዎቹ ሁሉ የእነሱን ከላይ አደረገችው። እስከ ሰኞ እኩለ ቀን ደውላችሁ አረጋግጡልኝ፣ ካልሆነ ለሌላ እሰጠዋለሁ ብላ አሰናበተቻቸው። አምላኩ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ፤ ገና መንገዱ ላይ ሳይደርስ ለፓስተሩ እየደወለ ነበር። ፓስተሩ አዳራሽ ውስጥ ነኝ ና ስላለው ትራም ይዞ ወደዚያ ሄደ። እናትና ልጅ ባቡር ጣቢያው ላይ ብቻቸውን ቀሩ።

«ለምን አላጋለጥሽኝም?» አለች ያኔት።

«ለማላውቃት ሴት ልጄ ዋሾ ናት ልበላት?»

«ታዲያ ፈረቃውን ትቀይሪዋለሽ?»

ትርንጎ ቦርሳዋን ከአንድ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። ሰኞ ዕለት ጠይቄ ነበር አለች። ያኔት ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ ምስክርነት ማግስት እናቷ አለቃዋ ዘንድ ገብታለች፤ ለማንም ሳትነግር። ረፋድ መግባት ይቻላል ተብላለች። የቁርስ ክፍሉ ኃላፊነት ለሌላ ሰው ይሰጥና እሷ ክፍል ወደ ማጽዳት ትመለሳለች።

«ጄኔቫ ዘጠኝ ዓመት የሰው አልጋ አንጥፌአለሁ» አለች ትርንጎ። «ወገቤን የጨረስኩት እዚያ ነው። አልመለስም።»

«ለአባዬ ንገሪዋ ታዲያ። እየጨፈረ ነው የሄደው።»

«ምን ብዬ? ጠይቆኛል እንዴ? ቤቱን ጌታ ከሰጠው ፈረቃዬንም ጌታ ይቀይርልኝ።» ድምፏ ከፍ ስላለ አንድ አሮጌ ሰውዬ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አያት። እሷም እስኪያፍር ድረስ አፍጥጣ አየችው። «እሱ ለጉባኤው ነገረ። አንቺ ለሴትዮዋ ነገርሽ። እኔን የጠየቀኝ ማነው?»

«እኔንስ?» አለች ያኔት። አንድ ጊዜ ከጀመረች በኋላ ማቆም አቃታት። «ከሊኞን ስንወጣ እኔን ማን ጠየቀኝ? ፐርሶን! አንድም ሰው! ሁለት ዓመት እዚያ ትምህርት ቤት እንደ ጅል ያሾፉብኛል፣ ማታ ሶፋ ላይ እተኛለሁ፣ አንዳችሁም ጠይቃችሁኝ አታውቁም።»

ትርንጎ ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አየች።

«ማንም አልጠየቀሽም» አለች።

ይቅርታ አልነበረም። ሰበብም አልሰጠችም። እናቷ ብትቆጣት ወይም ብታለቅስ ለያኔት ይቀላት ነበር፤ መልስ ትሰጥበት ነበር። ባቡሩ መጣና በተለያየ ወንበር ተቀመጡ።

እሁድ ከአምልኮ በኋላ የጉባኤው ወንዶች ዕቃ ለመጫን መቼ እንምጣ እያሉ አምላኩን ከበቡት። አንዱ ከመሥሪያ ቤቱ መኪና እንደሚያመጣ ቃል ገባ። አምላኩ ሚስቱን በሰው ፊት አመሰገናት፤ ለቤተሰቡ ስትል ፈረቃዋን ሠውታለች አለ። ትርንጎ ኮቷን ለብሳ ወጣች። ማታ አምላኩ ቤት ውስጥ እየዘመረ ሣህን አጠበ፣ ይህን ደግሞ ማንም አይቶት አያውቅም። ነገ ሥራ ላይ ስለምሆን ለሴትዮዋ አንቺ ደውዪላት አላት ያኔትን። ወዳሻለች፣ ካንቺ አፍ ትስማው።

«አንተ ደውል» አለች ያኔት። «ፈረንሳይኛ ትችላለች።»

«አንድ ቃል ነው፣ እሺ ማለት። ምን ያስቸግርሻል?»

ትርንጎ ለሌሊቱ ሥራ ልብሷን እያዘጋጀች ነበር። ቀና አላለችም።

ሰኞ እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ያኔት ከትምህርት ቤቱ ግቢ ጀርባ፣ ብስክሌት ከሚቆምበት ዳስ ሥር ገባች። ሁለት የክፍሏ ልጆች አይተዋት ተከተሏትና አፍንጫቸውን ይዘው «ቦንዡር፣ ቦንዡር» አሉ። ጥፉ አለቻቸው፣ በዙሪክ ጀርመንኛ። እየሳቁ ሄዱ። ደወለች።

ፍራው ብሩነር ወዲያው አነሣችው። ድምፏ ብሩህ ነው። «እንግዲህ ውሉን ላዘጋጅ?»

አንድ ቃል ነበር የሚቀረው። ያኔት በሩን አሰበች፣ ሲዘጋ የሚመጣውን ዝምታ።

«ቅዳሜ የነገርኩዎት እውነት አይደለም» አለች። «እናቴ ፈረቃዋን አልቀየረችም። ከራሴ ፈጥሬ ነው።»

ስልኩ ውስጥ ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ፍራው ብሩነር ስትመለስ ብሩህነቱ የለም። እናትሽም ፊቴ ቆማ ዋሽታለች ማለት ነው አለች።

«አልዋሸችም። እኔን ሸፍናኝ ነው።»

«ለእኔ ልዩነት የለውም። ከኋላችሁ ብዙ ሰው አለ፤ ሥራ የሚደርሱ ሰዎች። ስማችሁን ልሰርዝ? ወይስ እንደምንም ትችላላችሁ? አሁን ንገሪኝ፣ ጊዜ የለኝም።»

ይሰርዙት ብትል አባቷ ጉባኤው ፊት መቆሚያ ያጣል። አይሰርዙት ብትል እናቷ አልጋ ወደ ማንጠፍ ትመለሳለች። ሁለቱንም በአንድ ቃል መጨረስ ትችላለች። ያኔት ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች።

«እኔን አይጠይቁኝ» አለች። «እናቴን ይጠይቋት። ፈረንሳይኛ ይችላሉ፣ አስተርጓሚ አያስፈልጋችሁም።» የትርንጎን ቁጥር ነገረቻት።

ሴትየዋ ተነፈሰች። «አባትሽስ?»

«እሱንም ይጠይቁት። መጀመሪያ ግን እሷን።»

ፍራው ብሩነር ቁጥሩን መልሳ አነበበችላት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምሞክረው፣ ካላነሣች ለሌላ እሰጠዋለሁ አለች።

«ከሥራ ገብታ ተኝታለች» አለች ያኔት። «እባክዎ እስክታነሣ ይደውሉላት።»