የማይዋኙት

«ሌላ ሴት ካለች ንገረኝና ልረፍ።»

«የለችም።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ስልክ የማታነሳው?»

ማይክሮስኮፕ ጠጋኙ መፍቻውን በጨርቅ ይወለውላል። የጸዳ መፍቻ ሲወለውል ይኼ ሦስተኛው ነው። ላብራቶሪው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም፤ ተመራማሪዋ የምታጠናቸው አውራ በጎች የዘር ናሙና የሚመጣው ከረፋዱ በኋላ ነው። እሷ የነጭ ጋዋኗን ቁልፍ እያሻሸች ትጠብቃለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የተበላሸ ዕቃ አለ እያለ ሲመላለስባት የኖረ ሰው፣ ቤተሰብ ሊተዋወቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው «ይቅርብን» ብሎ አሥር ቀን ጠፋ። ሌላ ሴት የለችውም ቢባል ማን ያምናል? እሷም አላመነችም።

«ያኔ ያስረዳሽኝ ነገር» አለ በመጨረሻ። «ስለ በጎቹ።»

ትዝ አላት። የወንዱ ዘር ከቆለጡ ሲወጣ ገና መዋኘት አይችልም ብላው ነበር። እንደ ልቃቂት የተጠቀለለ ረጅም ቱቦ ውስጥ ሁለት ሳምንት ገደማ ይጓዛል። በየመንገዱ ፕሮቲኖች አንዱን እያወለቁ ሌላውን እያለበሱ፣ ትምህርት ቤት እንደሚገባ ልጅ አሰናድተው ይሸኙታል። ፕሮቲን የጎደለው በግ፣ ዘሩ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። የእሷ ሥራ የጎደለውን ፕሮቲን ማግኘት ነው። ያን ቀን እሱ ግማሹን ሰማ፤ በቀረው ጊዜ ፊቷን ሲያይ ነበር።

«እና?»

«ማይክሮስኮፑን ጠግኜ ስፈትሸው ብቻዬን ነበርኩ። የራሴን አየሁ።» ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። «አንድም የሚዋኝ የለም። አንቺ ደግሞ ልጅ ትወጃለሽ። የእህትሽን ልጆች አዝለሽ ስትዞሪ አይቼሻለሁ።»

አሥር ቀን ያጠራቀመችው ቁጣ የት እንደገባ ጠፋባት። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ልጅ እወዳለሁ» አለች በዝግታ። «አንተንም እወዳለሁ። የቱ እንደሚበልጥብኝ እኔ ልናገር እንጂ አንተ ምን አገባህ?»

ቀና ብሎ አያት። መፍቻው እጁ ላይ ቀረ።

«ቆይ፣ መስታወቱን መጀመሪያ ምን አደረግከው? ዘሩን ያስቀመጥክበትን።»

«አጠብኩት።»

«በምን?»

«በቧንቧ ውሃ። ሁለት ጊዜ።»

«አደረቅከው?»

«ትንሽ... እርጥበት ነበረው።»

ሳቋ አመለጣት። በእጇ አፏን ብትይዝም አልሆነላትም።

«አንተ ሰው፣ ውሃ የነካው ዘር እዚያው አብጦ ቀጥ ይላል። ጠብታ ውሃ እንዳይነካው ነው እኛ ቀኑን ሙሉ የምንጨነቀው። ንጽሕናህ ነው የፈጃቸው።»

«ስለዚህ ደህና ነኝ?»

«እሱን ሐኪም ይንገርህ፤ እኔ የበግ ነኝ። ቅዳሜ ግን እናቴ ትጠብቅሃለች።»

«ውጤቱ ሳይታወቅ?»

«እናቴ አባቴን ስታገባ ማይክሮስኮፕ አልነበራትም።»