የተቆረጠው ግማሽ

«ሬዲዮ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታስባርሪ ነው?» አለ ከኋላዋ የተሰለፈ ልጅ፤ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ የሚል ቅጽል ስም የወጣላት ልጅ ዞር ሳትል አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተራመደች። በእጇ የትምህርት ምርጫ ቅጽ ይዛለች። ባለፈው ሳምንት ነው፣ ደስ ብሏት፣ «ሚዲያ ጥናት» ብላ የሞላችው። የቀረው የሚኒ ሚዲያው መምህር ፊርማ ብቻ ነበር።

ጣጣው የመጣው ቅጹን በሞላች በማግስቱ ነው። ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ የጥበቃውን ጋሼ ድምፅ ቀድታ ነበር። «የኋላው በር አንዳንዴ ሳይቆለፍ ያድራል፤ ቁልፉ ቢሮ ነው የሚቀመጠው፤ ስጡኝ ብዬ ሦስቴ ለምኛለሁ» አሏት። ዝግጅቱ ከሁለት ደቂቃ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ «ሳይቆለፍ ያድራል» ላይ ቆረጠችው፤ እዚያ ላይ ሲቆም ጆሮ ይይዛል ብላ። ስልኳ ሞልቶባት ስለነበር ዋናውን ቅጂ አጠፋችው። ጠዋት በድምፅ ማጉያው ተላለፈ፤ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ተባረሩ።

ቅዳሜ ዕቃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ያረጀ ጃኬታቸውንና ፔርሙዛቸውን በፌስታል ይዘዋል።

«ጋሼ፣ በናትዎ አብረን ገብተን ለርእሰ መምህሩ እንንገራቸው።»

«ምን ብዬ? ድምፁ እንደሆነ የኔው ነው። አላልኩም ልበል?»

«የቀረውንም ብለዋል እኮ!»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። በይ፣ ትምህርትሽን ተማሪ።»

አልተቆጧትም። ቢቆጧት በስንት ጣዕሙ!

ዛሬ ጠዋት፣ ሰልፍ ከመያዟ በፊት፣ ብቻዋን ቢሮ ገብታ ነበር። ርእሰ መምህሩ ሳያቋርጧት አዳመጧት።

«ጥሩ፤ ሙሉውን ድምፅ አምጪ።»

«አጥፍቼዋለሁ።»

«እንግዲህ ምን ላድርግሽ? ያልሰማሁትን ይዤ ሰው አልመልስም። ደግሞም ሌላ ጥበቃ ተቀጥሯል።»

ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ነገሩ አብቅቶለታል፤ ከእንግዲህ የምትጠግነው ነገር የለም።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰና ተራዋ ደረሰ። ሚኒ ሚዲያውን የሚመሩት መምህር ገና ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«የኔ ጋዜጠኛ! እንዳንቺ አድርጎ ድምፅ የሚቆርጥና የሚቀጥል ተማሪ አልገጠመኝም። ለዚህ ሥራ ነው የተፈጠርሽው» እያሉ እስክሪብቶ አነሱ።

ይህን ሥራ ከምንም ነገር በላይ ትወደዋለች፤ አሁንም ትወደዋለች። ቅጹ ላይ እጇን ጫነችበት።

«አይፈርሙበት፣ መምህር። ሌላ ቅጽ ይስጡኝ።»

«ምነው? ምን ልትሞዪበት ነው?»

«ገና አላውቅም።»

መምህሩ እስክሪብቶውን አስቀምጠው ከመሳቢያው አንድ ቅጽ አወጡላት። ባዶውን ወረቀት ተቀብላ ከሰልፉ ወጣች።