አለቱ ለምን ደረቀ

ቢምረው ሰኞ ጠዋት ከአማቱ ቤት ወደ ራሱ ቤት ሲመለስ ውሃውም አብሮት ተመለሰ። በሰማይ አምባ፣ ከጨረቃ ገጽ በታች ሁለት መቶ ክንድ ተቆፍሮ በተሠራው ከተማ፣ ውሃ ባለቤቱን ይከተላል። ሰው ሁሉ በእጁ አንጓ ላይ «ውሃ ጠሪ» የሚባል አንባር ያስራል፤ ባደረበት ቤት፣ የማለዳው ደወል ሲደወል፣ የዕለት ድርሻው በቧንቧ ይመጣለታል። ድርሻን ለሌላ ሰው ማሳለፍ ግን በሕግ ክልክል ነው።

የቢምረው ሥራ ማድመጥ ነበር። የብረት ዘንጉን ግድግዳው ላይ፣ ጆሮውን ዘንጉ ላይ ያደርግና ከአለቱ ውስጥ የትኛው ቧንቧ እንደሚያፈስ ይለያል። ማንም አላስተማረውም፤ ሠላሳ ዓመት ዝም ብሎ ሲሰማ ለመደው።

«ጋሽ ቢምረው፣ ጠበሉ ደረቀ አሉ» አለችው አለቃው ኢንጂነር ፍሬሕይወት።

«የአባ ዘወንጌል?»

«ሌላ ጠበል አለን እንዴ? ጠበሉን የሚጠብቁት እማሆይ ወለተ ኪዳን ሐኪም ቤት ከገቡ ጀምሮ ጠብ አላለም። ሕዝቡ አለቱ አዝኖላቸው ነው ይላል። እኔ የሚያፈስ ቧንቧ እንጂ የሚያዝን አለት አላውቅም።»

ቢምረው አልሳቀም። ከስድሳ ዓመት በፊት አባ ዘወንጌል አርባ ቀን ቢጸልዩ ደረቁ አለት ለተጠሙት ብሎ አለቀሰ፤ ልጅ ሆኖ የሰማው እንዲህ ነው። እናቱ መካን ተብላ ኖራ፣ ከዚያ ጠጥታ እሱን ወለደች። ሃይማኖቱ ሁሉ ከዚያች ጠብታ የጀመረ ነው።

ጠበሉ ዘንድ ዐሥር ያህል ሰዎች ባዶ ጀሪካን ታቅፈው ተቀምጠዋል። አዲስ ገቢዎች ናቸው። አንባር እስኪሰጣቸው ሁለት ወር ይፈጃል፤ እስከዚያ ሕግ ድርሻ አያውቅላቸውም። ጠበል ግን ማንም ማንንም አይከለክልም፤ የኖሩት በእሱ ነው።

«ጋሼ፣ ይመለሳል?» አለችው ብርቄ የምትባል፣ ሕፃን ያዘለች ሴት።

«እስቲ ልስማው።»

ዘንጉን አስጠጋ። የሰማው የአለት ዝምታ አልነበረም። ባዶ ቧንቧ ዝም ሲል ሌላ ነው፤ ሚስቱ ስትተኛና የተኛች ስትመስል እንደሚለየው ሁሉ ይህንንም ይለያል። ክንድ በክንድ እየተከተለ ሄደ። መጨረሻው የእማሆይ ክፍል፣ ከአልጋቸው ራስጌ ሆነ። መከለያውን ሲያነሳ፣ ከራሳቸው የድርሻ ቧንቧ ላይ አንዲት ቀጭን የመዳብ ቱቦ ተቀጥላ ወደ አለቱ ገብታለች። መክፈቻዋ ከእጅ ብዛት ልሟል።

እማሆይ ሐኪም ቤት ሲገቡ ውሃቸውም ተከትሏቸው ሄዷል። ይኸው ነው።

ቀጥ ብሎ ወደ ሐኪም ቤት ሄደ። «እማሆይ፣ ዋሽተውናል» አላቸው ገና ሳይቀመጥ።

«አገኘኸው?» አሉ፣ ትራሳቸውን እያስተካከሉ። «ልጄ፣ አባ አንድ ቀንም አለቱ አለቀሰ አላሉም። ያለው ሰው ነው። እሳቸው የራሳቸውን ድርሻ ነው የለቀቁት። ካወሩ ይዘጋል፤ ዝም አሉ። ከእሳቸው በኋላ እኔ ክፍሉን ወረስኩ፤ እኔም ዝም አልኩ።»

«ዝምታም ውሸት ነው።»

«እሱንማ በየዓመቱ እናዘዛለሁ።» ፈገግ አሉ። «ድንጋይ አለቀሰ ሲሉት የሚያምን ሰው፣ መነኩሴ ተጠማ ቢሉት ማስረጃ ይጠይቃል።»

«እናቴስ? እኔስ?»

«እናትህ የጠጣችው የአባን ውሃ ነው። የቀረውን እግዜር ያውቃል። እኔ የማውቀው የቧንቧውን ብቻ ነው።»

ቢምረው በእግሩ ተመለሰ። መንገዱን ሁሉ ልቡ ባዶ እንዲሆን ጠበቀ፤ አልሆነም። አለት ማስለቀስ እሱ አይችልም፣ ሞክሮም አያውቅም። አልጋ መቀየር ግን ይችላል።

«ልብስህን በየትኛው ውሃ ላጥበው?» አለች ሚስቱ ትርንጎ፣ ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ።

«አይታጠብ።»

«መነኮስክ በለኛ» አለችና ፍራሹን ራሷ ጠቀለለችለት።

ያን ሌሊት በእማሆይ ክፍል አደረ። በማግስቱ ደወሉ ሲደወል ጠበሉ ወረደ፤ እልልታውም ቀለጠ። ቢምረው ወጥቶ ያገኘውን ሳይቀንስ ሳይጨምር ነገራቸው። አንዳንዱ ሰማ፣ አንዳንዱ አለቱን ተሳለመ። ሪፖርቱንም እንደዚያው ጻፈ።

ፍሬሕይወት ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ይሄ ከገባ ይዘጋል፣ ጋሼ።»

«ያልሰማሁትን አልጽፍም።»

የደንቡን መጽሐፍ ገለጠች። «በሰው መኖሪያ ውስጥ ቧንቧ ቢያፈስ የምንጠግነው ነዋሪው ሲያመለክት ነው፤ ደንቡ ነው። አሁን የክፍሉ ነዋሪ እርስዎ ነዎት። ያመለክታሉ?»

«አላመለክትም።»

«እንግዲያው “ያፈሳል፤ አመልካች የለም” ብዬ እፈርማለሁ» አለች፤ ፈረመችም።

የእማሆይ ጉልበት አልመለስ ብሎ ሐኪም ቤት ሰነበቱ፤ ቢምረውም እዚያው ማደሩን ቀጠለ። ሁለተኛው ወር ባለቀ ማግስት ምሽት ብርቄ አንባር አስራ፣ ልጇን አዝላ፣ ፍራሽ ተሸክማ መጣች።

«ጽዋ እንኳ በተራ ነው፣ ጋሼ። ይበቃዎታል፤ የዚህን ወር እኔ ልያዘው።»

«ብርቄ፣ ተአምር እንዳልሆነ ነግሬሻለሁ እኮ። ሰው ነው።»

ፍራሹን መሬት አደረገችና ቀና ብላ አየችው። «አንድ የማያውቀኝ ሰው ሁለት ወር ሙሉ እኔንና ልጄን አጠጣን። ይሄ ነው ተአምር ያልሆነ?»

ቢምረው ዞር አለና በሩን ለቀቀላት።