በሌላ ሽፋን የተገኘው ሸክላ

ጋዜጠኛው በሥራ ክፍሉ ሸክላ ማጫወቻው አጠገብ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። በየእሁዱ በሬዲዮ የቆዩ አልበሞችን፣ ሬጌ ሆነ ጃዝ ሳይል፣ እንደ አዲስ አዳምጦ የሚተነትን ሰው ነበር። ሐኪሙ «አስሙ ተነስቶበት ነው» አለ። መርማሪዋ ግን አስም ሲነሳበት የሚስበውን መድኃኒት ከኪሱም ከጠረጴዛውም አጣችው። ብዙ ፈልጋ ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከሸክላዎቹ ጀርባ አገኘችው።

«እትዬ፣ ወንድምዎ እዚያ ይደርስ ነበር?»

«ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ እጁን ወደ ላይ አያነሳም» አለች እህትየው። «በርጩማ ላይ ወጥቼ የማወርድለት እኔ ነበርኩ።»

«ጠዋት ምን ያዳምጥ ነበር?»

«ወጥ ቤት ሆኜ ሳክስፎን ይሰማኝ ነበር። በኋላ ጸጥ አለ።»

ማጫወቻው ላይ ያለው ሸክላ ግን የመዘምራን ነበር።

ጠዋት ቤቱ ውስጥ ሁለት እንግዶች ነበሩ። አንደኛው የፕሮግራሙ የድምፅ ባለሙያ ነው፤ ሳሎን ሆኖ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ይሠራ ነበር። ሁለተኛው የሟች የሠላሳ ዓመት ወዳጅ፣ በአንድ አልበም ስሙ የገነነው ቁመተ ረጅም ሳክስፎኒስት ነው።

«ሰላም ብዬው ግቢ ወጣሁ፣ ልጄ» አላት ሳክስፎኒስቱ። «መዝሙር ሲያዳምጥ ነው የተውኩት። የኔን አልበም ገና አልጀመረውም።»

የድምፅ ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰሞኑን እንቅልፍ ያሳጣው ያ አልበም ነው። ‹ሦስተኛው ዜማ ላይ ያለው ትንፋሽ የእሱ አይደለም› ይለኝ ነበር። እሁድ ሊናገረው ነበር።»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። የመዘምራኑን ሽፋን ከፍታ አንድ ሸክላ አወጣች።

«ይህ የእርስዎ አልበም ነው፣ ጋሼ። ሟች አንዱን ሸክላ በሌላው ሽፋን ከትቶ ያውቃል፣ እትዬ?»

«ኧረ በጭራሽ። እኔ ስሳሳት ያኮርፈኝ ነበር።»

«ስለዚህ በጥድፊያ የቀየረው ሌላ ሰው ነው። መሀሉ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት አሻራ አለ። እትዬም የድምፅ ባለሙያውም ሸክላ የሚይዙት በጠርዙ ነው፤ ዛሬ ሁለቱንም አይቻለሁ። መድኃኒቱ የተደበቀበት ቦታ ያለ በርጩማ የሚደርሰው ረጅም ሰው ነው። እትዬ ጠዋት ሳክስፎን ሰምተዋል፤ ‹አልበሜን አልጀመረውም› ያሉኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። አሻራው የማን እንደሆነ ባለሙያዎች ይነግሩኛል፤ ከእርስዎ ብሰማው ግን ይሻላል።»

ሳክስፎኒስቱ ረጅም ጣቶቹን አጣጠፈ።

«የቀረጻው ቀን ከንፈሬ አብጦ ነበር። ሦስተኛው ዜማ ላይ አብሮ አደጌ ተካኝ። አልበሙ ሳይወጣ መኪና ገጨውና ሞተ። ሰው ሲያደንቀኝ ዝም አልኩ፤ ዝም እንዳልኩ አረጀሁ። ዛሬ ‹እባክህ ተወኝ› ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ። ስንጨቃጨቅ ትንፋሽ አጠረው፤ መድኃኒቱን ከጠረጴዛው አነሳሁበት።»

«ለመነዎት?» አለች እህትየው።

«በእጁ ያመለክተኝ ነበር።»

«ምን ያህል ቆየ?»

«ዜማው እስኪያልቅ።»

 «የተካዎት ልጅ ስሙ ማን ነበር?» አለችው እህትየው።

ነገራት። የድምፅ ባለሙያው ስሙን ለእሁዱ ፕሮግራም ጻፈው።