የአሚ ሞንጂ ስም የተጻፈበት ደም

እመኑኝ ብዬ አልለምንም። ግን የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ስፋክስ ከተማ። ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ። ሙቀቱ መተንፈሻ አሳጥቶናል።

ናዚሃ እባላለሁ። የምሠራው በአንዲት ትንሽ ሆስፒታል የደም ምርመራ ክፍል ነው። አብረውኝ የሚሠሩት አሚ ሞንጂ ናቸው፤ አሚ ማለት አጎቴ። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ቀርቷቸዋል።

ትሪው ላይ አንዲት የደም ብልቃጥ አገኘሁ። ማን እንዳመጣት አላየሁም።

ያዝ ሳደርጋት ትሞቃለች...

የታዘዘው ትሮፖኒን ነበር። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ነው። የጤነኛ ሰው ከአሥራ አራት አይበልጥም።

ማሽኑ ዘጠኝ ሺህ አለ።

"ማነው ምስኪኑ?" አሉ አሚ ሞንጂ፣ ቱና ያለበት ዳቧቸውን እየገመጡ።

ስሙን አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።

"አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ዋጥሽው?"

"የእርስዎ ስም ነው..."

ሳቁ። "እኔ ለመጨረሻ ጊዜ ደም የሰጠሁት ለውትድርና ስመዘገብ ነው።"

ክንዳቸውን ይዤ ደም ቀዳሁና ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። ስድስት። ንጹሕ።

"አየሽ? ገና ሙሽራ እሆናለሁ።"

የመጀመሪያዋን ደገምኳት። አሥራ አንድ ሺህ።

እንደገና... አሥራ አምስት ሺህ።

ብልቃጥ ውስጥ ያለ ደም እንዲህ አይጨምርም። እዚያ ውስጥ የሚጎዳ ልብ የለማ...

"ይነሡ። ድንገተኛ ክፍል እንሂድ" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ዳቦዬን ልጨርስ።"

"አሚ... በእናትዎ።"

ፊቴን ሲያዩ ሳቃቸው ጠፋ። ተከተሉኝ።

ሐኪሟ አስተኝታ መረመረቻቸው። "ልብዎ ደህና ነው" አለች።

ጫማቸውን ሊያደርጉ ጎንበስ አሉ...

ቀና አላሉም።

እዚያው ባይሆኑ ኖሮ ዛሬ በሕይወት አይኖሩም ነበር። ልባቸው ሁለት ጊዜ ቆሞ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።

ወደ ክፍላችን ስመለስ ብልቃጧን አጣኋት። ጠረጴዛ ሥር ሁሉ ፈለግኩ። የለችም።

በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ገባሁ። በሩን እንድዘጋው በእጃቸው ጠቆሙኝ።

"ለሐኪሞቹ አልነገርኩም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያን ቀን ጠዋት ስታጠብ ነው ያየሁት። ቢምቢ የነከሰኝ መስሎኝ..."

ሸሚዛቸውን ገለጡ።

ከግራ ጡታቸው ሥር፣ በሁለት የጎድን አጥንቶች መሃል... ደም የሚቀዳበት ዓይነት የመርፌ ቀዳዳ።

"እስካሁን አልደረቀም" አሉኝ።

በጥጥ ጠረግኩት።

ሁለታችንም አየነው።

አንዲት ቀይ ጠብታ ቀስ ብላ ወጣች...

ቆመች...

ተመልሳም ወደ ውስጥ ገባች።