ሹራብ ጠባቂዋ

«ያዢልኝ፣ ሜሉ» አለችና አንዷ ሹራቧን ሜላት ጭን ላይ ጣለችው። ቀጥሎ ሌላ ሹራብ፣ ቀጥሎ ጃኬት፣ ከዚያ መነጽርና የቤት ቁልፍ መጣ። የስፖርት መምህሩ ቲቸር እምሩ ፊሽካቸውን ሲነፉ ስምንተኛ ክፍል በሙሉ በግቢው ዙሪያ መሮጥ ጀመረ። ሜላት ግን ባንዲራው መስቀያ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ክምሩን አቅፋ ቀረች። ከጥቅምት ጀምሮ ሥራዋ ይኸው ነው። ማንም አልሾማትም፣ የሚሽራትም አልተገኘም።

ከዚያ በፊት እሷም ትሮጥ ነበር፤ መሮጥ ከተባለ። የትምህርት ቤቱ ቱታ በእሷ ልክ ስላልተገኘ እናቷ ሰፈር ውስጥ አሰፋችላት። ሰማያዊው ግን ከሌሎቹ ሰማያዊ ጋር አልገጠመምና ከሩቅ ይለያል። የመጀመሪያውን ዙር እንኳ ሳትጨርስ ፎቁ በረንዳ ላይ የተደረደሩ ወንዶች «ሲኖ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» ብለው ሙድ ያዙባት። ሲኖ ያ አሸዋ ጭኖ ከተማውን የሚያስፈራራው ትልቁ መኪና ነው። ትንፋሽ አጥሯት ቆማ ወደ ኋላ ስትል ደግሞ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያሰማውን ድምፅ አወጡላት፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። ቀልዱ ጥሩ ቀልድ ነበር፤ ክፋቱም እሱ ነው። ቲቸር እምሩ እንኳ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን ሲያዞሩ ሜላት አይታቸዋለች።

የዚያን ዕለት ያዳነቻት ጓደኛዋ ካሚላ ናት። ካሚላን በሩጫም በወሬም የሚቀድማት የለም። መምህሩ ዘንድ ሄዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቲቸር፣ ሜላት እኮ የልብ ሕመም አለባት። አባቷም በዚሁ ነው የሞቱት» አለቻቸው። የአባቷ ነገር እውነት ነው፤ ሜላት ትንሽ ልጅ ሳለች በልብ ሕመም ሞቷል። የእሷ ግን ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። መምህሩ ደንግጠው ድንጋዩ ላይ አስቀመጧት፤ ከዚያ ወዲህ ሩጪ ያላት የለም።

ካሚላ ወደ ቤት ሲሄዱ «ምን ላድርግ፣ ሼም ነበር እኮ» አለች። ሜላት መቆጣት ነበረባት። አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ደስ አላት።

ውሸቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ቢቀር ደግ ነበር። ነገር ግን ቲቸር እምሩ፣ በሳቃቸው አፍረው ይሆናል፣ የሜላትን እናት የሺዓለምን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲያገኟት «አይዞዎት፣ ስለ ልቧ አያስቡ፤ እኔ እጠነቀቅላታለሁ» አሏት። የሺዓለም ቤት ስትገባ ነው የልጇን ፊት በሁለት እጇ ይዛ «ልብሽን ያምሻል እንዴ?» ብላ የጠየቀቻት።

መናገር ያኔ ነበር። ሜላት ግን በረንዳው ትዝ አላት። ድንጋዩም ትዝ አላት፤ እዚያ ላይ ስትቀመጥ ማንም እንደማይስቅባት።

«አንዳንዴ» አለች።

ያቺ ቃል ቤቱን አመሰቃቀለችው። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ለግንቦት ተሰጠ። የሺዓለም ደግሞ ባሏ ቀጠሮ ሲጠብቅ የሞተባት ሴት ናትና ግንቦትን አላመነችውም። ስለዚህ ለአራዳው ጊዮርጊስ ተሳለች፤ ልጇ እስክትድን ድረስ በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ላትቀምስ፣ ጠዋት ጠዋትም ጠበል ልትቀዳላት። የምታጸዳው ቢሮ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። በባዶ ሆዷ ከሰፈራቸው ከዶሮ ማነቂያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትወጣለች፣ ከዚያ ቁልቁለቱን ይዛ ወደ ሥራዋ ትወርዳለች። የሜላትን ምሳ ዕቃ ግን ክዳኑ አልገጥም እስኪል ትሞላዋለች። «ብይ፣ አቅም ይሁንሽ» ትላለች። ሜላትም ትበላለች፤ እናቷ ተርባ የቋጠረችላትን ምግብ ትታ እንዴት ትመለሳለች?

እናት እየቀጠነች፣ ልጅ እየወፈረች ወራት አለፉ። ሜላት ውሃ እንዳትቀዳ፣ እንዳትጠርግ፣ ትምህርት ቤትም በእግሯ እንዳትሄድ ተከለከለች። አንድ ቅዳሜ የግቢው ልጆች ላስቲክ ዘርግተው ሱዚ ሲዘሉ አየችና እግሯ አላስቀምጥ አላት። ድሮ በሱዚ የሚደርስባት አልነበረም፤ ላስቲኩን እስከ ብብታቸው ከፍ አድርገው ይዘውላት ትዘለው ነበር። ገብታ ጥቂት ዘለለች። ሰውነቷ ከበዳት፣ ትንፋሽዋ ተቆራረጠ፣ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ደስ አላት፤ እግሮቿ አልረሱም ነበር። ጎረቤታቸው እትዬ ዘነቡ አይተው ሲጮኹ እናቷ እጇ በሳሙና እንደተለወሰ ሮጣ ወጣች። «ልትገድይኝ ነው?» ብላ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ላስቲክ ሲዘረጋ ሜላት ቤት ትገባለች።

እውነቱን ልትናገር እንደሆነ ለካሚላ ብትነግራት ካሚላ ከለከለቻት። አሁን ቢናገሩ እናቷ እንደምትሰበር፣ ግንቦት ላይ ሐኪሙ ራሱ ጤነኛ ናት ብሎ ነገሩን እንደሚዘጋው አስረዳቻት። ሜላት ይህንንም ተቀበለች። መቀበል ለምዶባታል።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሜላት የተሳፈረችበት ታክሲ ቸርችልን ቁልቁል ሲወርድ፣ እግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ሰዎች አንዲት ሴት ከበው አየች። ሴትየዋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋ ከራሷ ላይ ወርዷል። አጠገቧ የሃይላንድ ጠርሙስ ወድቆ ውሃው ይፈሳል። ሜላት መጀመሪያ ያወቀችው ጠርሙሱን ነው፤ አንገቱ ላይ የታሰረችውን ቀይ ክር ራሷ ናት ያሰረቻት።

«ወራጅ አለ!» አለች። ሹፌሩ እዚህ መቆም አይቻልም ብሎ ብዙ ወርዶ አቆመላት።

ሽቅብ ሮጠች። ቦርሳዋ ጀርባዋን እየደበደበ፣ ጭኖቿ እየተፋተጉ፣ ሱሪዋ እየወረደባት ሮጠች። አንድ ጎረምሳ «ሀይ፣ ቀስ፣ አስፋልቱ ይሰነጠቃል» ሲል ሰማችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉ ሳይቆጠቁጣት አለፈ። ደረቷ ነደደ፣ አፏ ደም ደም አለው፣ ዳገቱ ግን አለቀ።

የሺዓለም ስታያት መጀመሪያ ያለችው «አትሩጪ፣ ልብሽ!» ነው።

ሜላት አጠገቧ ተንበረከከች። እናቷ እጇን ልጇ ደረት ላይ አደረገች። ልቧ በኃይል ይመታል፣ ግን ሳይዛነፍ ይመታል። የሺዓለም ልጇ የወጣችውን ዳገት አየች፣ ከዚያ እሷን አየች፣ ፊቷ በራ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሜላት ያን ፊት አይታው አታውቅም።

«ይህን ሁሉ ሮጠሽ አልወደቅሽም» አለች። «ሰማኝ። ጊዮርጊስ ስለቴን ሰማኝ።»

ከከበቧት ሴቶች አንዷ አማተበች፣ ሌላዋ እልል አለች። ሜላት ዝም ብትል ሁሉም ነገር ያልቃል፤ እናቷ ከነገ ጀምሮ ትበላለች፣ እሷም እንደልቧ ትሮጣለች፣ ማንም ምንም አያውቅም። ካሚላ እንኳ እንዲህ ያለ መውጫ አላሰበችም። ግን እናቷ ነገ ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ልትመሰክር ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ልትመሰክር ነው። ሜላት የእናቷን እጅ ደረቷ ላይ እንዳለ ያዘችው።

«እማዬ፣ አልዳንኩም። ታምሜም አላውቅም። ውሸት ነበር።»

እልልታው ቆመ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩና አንድ በአንድ መሄድ ጀመሩ። የሺዓለም እጇን ቀስ ብላ አነሳች።

«ለምን?»

«ስሮጥ ሲስቁብኝ ጊዜ… እንዳልሮጥ ብዬ።»

እናቷ ባዶውን ጠርሙስ ትክ ብላ አየችው። «እኔ ስራብ ታዪ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

ከዚህ የከበደ ቃል ሜላት በሕይወቷ ተናግራ አታውቅም። ምሳ ዕቃዋን ከፍታ እናቷ ጭን ላይ አስቀመጠችው። የሺዓለም አልነካችውም። ታክሲዎች እየጮኹ አለፉ። ከቆይታ በኋላ ዳቦውን ቆረሰችና በጠዋቱ፣ መንገድ ዳር፣ ልጇን ሳታይ መብላት ጀመረች። እንባዋ ዳቦው ላይ ይወርዳል፤ አልጠረገችውም።

ስትጨርስ ሜላት ክንዷን ደግፋ እስከ ቢሮዋ በር ወሰደቻት። የሺዓለም ክንዷን አልነጠቀቻትም፣ አልተደገፈችባትምም።

«ሂጂ፣ ረፈደ» አለቻት። ሜላት ታክሲ ወደሚቆምበት ዞር ስትል «በእግርሽ» አለች፣ ገባችም።

ስፖርት ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ነበር። ሜላት ድንጋዩ አጠገብ ስትደርስ እንደወትሮው ሹራቦቹ መጡ። ተቀበለቻቸውና ድንጋዩ ላይ ከመረቻቸው፤ የራሷን አውልቃ ከላይ ደረበች። ካሚላ ዓይኗን አፍጥጣ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። ሜላት አልፋት ወደ መምህሩ ሄደች።

«ቲቸር፣ ልቤን አያመኝም። አሞኝም አያውቅም። የዋሸሁት እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ቲቸር እምሩ ብዙ የሚሉት ያላቸው መሰሉ፤ ከዚያ በረንዳውን ቀና ብለው አዩና ተዉት። የዋሸችበትን ነገር ኋላ ቢሯቸው እንደሚነጋገሩበት፣ ለዛሬ ግን በእርምጃ እንድትጀምር ነገሯት። ፊሽካው ተነፋ፣ ሌሎቹ ጥለዋት ሄዱ። ያ የማይገጥም ሰማያዊ ቱታ ብቻውን ኋላ ቀረ።

ከፎቁ ላይ አንዱ ጢጥ፣ ጢጥ አለ፤ ሌሎቹ ተቀበሉት። የሜላት ፊት እስከ ጆሮዋ ሥር ድረስ ጋለ። ቱታዋን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ መራመዷን ቀጠለች።